ይነሱ፣ እማማ



ዛሬ ስለ እግር ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ስለ ሰማንያና ስለ ዘጠና ዓመት ሰው እግር፣ ይበልጡንም ነርሲንግ ሆም ገብተው ስለሚኖሩ እናቶችና አባቶች እግር። በዚህ አዳራሽ ሁለት ዓይነት ሰው እንደተቀመጠ አውቃለሁ። አንዱ እናቱን ወይም አባቱን በስንት ጭንቀትና ምክር እንዲህ ያለ ቤት ያስገባ ልጅ ነው። ሌላው እዚያው ቤት ውስጥ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቀ የሰውን እናት የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ የሚመግብ ሠራተኛ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ፣ በዚህ ሥራ የሚተዳደረው ወገናችን ብዙ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሁለቱንም የሆናችሁም አላችሁ፤ ቀን የሰው አባት አንስታችሁ ማታ የራሳችሁን አባት ልትጠይቁ የምትሄዱ።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ሥራዬ ሰው ከተቀመጠበት እንዲነሳና እንዲራመድ መርዳት ነው። በዚህ ሥራ ያመንኩበትን ከመነሻው ልናገር። ነርሲንግ ሆም የገቡ ብዙ አረጋውያን እግራቸውን የሚያጡት ዕድሜ ስለ ገፋ ብቻ አይደለም። ዕድሜ የጀመረውን ወንበር ይጨርሰዋል። ወንበሩ ላይ አስቀምጠን የምናቆያቸው ደግሞ የምንወዳቸውና የምናከብራቸው ሰዎች ነን። ይህን ስናገር ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ነገሩ ሊለወጥ እንደሚችል ስለማውቅ ነው የምናገረው።

እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ ወደ ቦስተን እወስዳችኋለሁ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። ቦስተን ውስጥ ሂብሩ ሪሃቢሊቴሽን ሴንተር የሚባል ትልቅ የአረጋውያን ተቋም አለ። ዶክተር ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቻቸው እዚያ ያካሄዱትን ጥናት በ1990 አሳተሙ። የተሳተፉት 10 አረጋውያን ነበሩ፤ ታናሹ 86 ዓመቱ፣ ታላቁ 96፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90። የተለያየ በሽታ ያለባቸው፣ አብዛኞቹም ከዚያ በፊት የወደቁና በከዘራ ወይም በዎከር የሚሄዱ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚታዘዘው እንቅስቃሴ፣ ከታዘዘም፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅ ማወዛወዝ ወይም ኳስ መቀባበል ነበር። እነዚህ ሐኪሞች ግን ለአረጋውያኑ ክብደት ሰጧቸው፤ ለይስሙላ የሚሆን ቀላል ክብደት ሳይሆን በአንድ ጊዜ ሊያነሱ ከሚችሉት ከፍተኛው 80 በመቶ የሚሆን። ተቀምጠው ጉልበታቸውን እየዘረጉ ያነሳሉ፤ 8 ጊዜ አንስተው ያርፋሉ፤ እንደዚህ ሦስት ዙር ይሠራሉ። በሳምንት 3 ቀን፣ ለ8 ሳምንት።

አንድ ሰው አቋርጦ 9ኙ ጨረሱ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። መጀመሪያ በአንድ እግር 8 ኪሎ ያህል ያነሱ የነበሩት በስተመጨረሻ 20 ኪሎ ያህል አነሱ። የጭናቸው ጡንቻ ሲለካ 9 በመቶ ወፍሮ ተገኘ። አንዱን እግር ከሌላው ፊት እያስቀደሙ በቀጭን መስመር ላይ የመሄድ ፍጥነታቸው በግማሽ ያህል ጨመረ። ሁለቱ ከዘራቸውን ተዉ። በእጃቸው ሳይደገፉ ከወንበር መነሳት ከማይችሉት ሦስት ሰዎች አንዱ መነሳት ቻለ።

እስኪ ይህን ከዘጠና ዓመት ሰው ጋር አስቡት። አንድ አባት ዘጠና ዓመት ሲሞላቸው እኛ የምናስበው ስለ ምርቃታቸው ነው። ጡንቻቸው እንደ ጎረምሳ ጡንቻ ለሥራ መልስ ይሰጣል ብሎ የሚያስብ ማን ነው? ያ ጥናት ያሳየው ግን ይህንኑ ነው። የሽማግሌ ጡንቻ ቢያንስም አልሞተም፤ ሥራ ሲሰጡት ያድጋል።

አሥር ሰው ጥቂት ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ ልክ ነው። ስለዚህ እነዚሁ ተመራማሪዎች በ1994 እጅግ የሰፋ ሁለተኛ ጥናት አወጡ። በዚህኛው 100 የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች ተሳተፉ፤ አማካይ ዕድሜያቸው 87 ነበር። በዕጣ ተከፋፍለው አንዳንዶቹ ክብደት አነሱ፣ አንዳንዶቹ ገንቢ መጠጥ ተጨመረላቸው፣ አንዳንዶቹ ሁለቱንም አገኙ፣ የቀሩት ሁለቱንም አላገኙም። በ10 ሳምንት ውስጥ ክብደት ያነሱት የጡንቻ ጉልበታቸው 113 በመቶ ጨመረ፤ የእርምጃቸው ፍጥነትና ደረጃ የመውጣት አቅማቸውም አደገ። መጠጡን ብቻ ያገኙት ግን ጉልበት አልጨመሩም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ለእኛ ማኅበረሰብ ደጋግሜ መንገር እወዳለሁ። እናታችንን ልንጠይቅ ስንሄድ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ገንፎ፣ ዶሮ ወጥ ተሸክመን ነው የምንገባው። ደግ እናደርጋለን፤ ምግቡም ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን ሥራ የማያገኝ ጡንቻ ምግቡን ወስዶ ጉልበት አያደርገውም። ካጎረስናቸው በኋላ ሦስት ጊዜ ከወንበር ብናስነሳቸው ያ ምግብ የሚገባበት ቦታ ያገኛል።

አሁን በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ትንሽ ልግለጽ። ጡንቻ ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ በቀስ መቀነስ ይጀምራል፤ ከስድሳ በኋላ አቀናነሱ ይፈጥናል። ኧርዊን ሮዘንበርግ የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ለዚህ መሳሳት ሳርኮፔኒያ የሚል ስም ያወጡለት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የራሱ ስም እንኳ አልነበረውም። የጡንቻ ክሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ዝግ ያሉና የማይደክሙ ናቸው፤ ቆመን እንድንቆይ ያደርጉናል። ሁለተኞቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ስንደናቀፍ እግራችንን ፈጥነን ወደ ፊት የምንጥለው በእነዚህ ነው። በእርጅና ይበልጥ የሚሳሱት ፈጣኖቹ ናቸው። አንድ ወጣትና አንዲት የሰማንያ ዓመት እናት ያው ምንጣፍ ጫፍ ያደናቅፋቸዋል፤ ወጣቱ አንድ እርምጃ ተወርውሮ ይቆማል፣ እርሳቸው ግን እግራቸው ሳይደርስ መሬት ይደርሳሉ። ክብደት ማንሳትና ከወንበር ቶሎ መነሳት ለእነዚህ ፈጣን ክሮች ሥራ ይሰጣቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው የጉልበት መጨመር በአብዛኛው ከነርቭ ነው፤ አንጎል ተኝተው የነበሩትን ክሮች መቀስቀስ ይማራል። ጡንቻው ራሱ የሚወፍረው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ነው አንዳንድ አረጋዊ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ለውጥ የሚያሳየው፤ ቤተሰቡም «ምን ሰጣችኋቸው?» ብሎ የሚጠይቀው።

የመቀመጥና የመተኛትን ኃይል ግን ገና አልነገርኳችሁም። በ1966 ቴክሳስ፣ ዳላስ ውስጥ አምስት የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ልብና ሳንባቸው ለሥራ ያለው አቅም ከዚያ በፊትና በኋላ ተለካ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው አምስት ሰዎች ሃምሳ ዓመት ሆኗቸው፣ ሆዳቸውም ገፍቶ፣ እንደገና ተለኩ። የተገኘው ነገር ሐኪሞችን ሳይቀር አስደነገጠ፤ የሦስት ሳምንት አልጋ የወሰደባቸው አቅም የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ከወሰደባቸው ይበልጥ ነበር። በሌላ ጥናት ደግሞ፣ በ2007 በታተመው፣ አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ጤነኛ ሰዎች ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ ቆዩ። በአሥር ቀን ውስጥ ከእግራቸው 1 ኪሎ ያህል ሥጋ ጠፋ። እነዚህ ጤነኞች ናቸው፤ በሽታ የለባቸውም፣ በቂ ምግብም ይበላሉ። እንግዲህ ሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ሁለት ሳምንት የተኙትን የ85 ዓመት እናት አስቡ። ትኩሳቱ ለቀቃቸው፣ ሳንባቸው ጠራ፣ ነገር ግን በእግራቸው ሄደው የገቡት በተሽከርካሪ ወንበር ይወጣሉ። ቤተሰቡ «በሽታው ጎዳቸው» ይላል። ከጉዳቱ ትልቁ ድርሻ ግን የአልጋው ሊሆን ይችላል፤ የአልጋው ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሊመለስ ይችላል።

ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ የምትሠሩበት ታውቃላችሁ። አንዲት እናት በዎከር እየሄዱ ይገባሉ። ምግብ ቤቱ ራቅ ይላል፤ በእግራቸው ለመድረስ አሥር ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፣ በዊልቸር ሲገፉ ሁለት ደቂቃ። ሠራተኛዋ ሌሎችም ብዙ ሰዎች አሉባት፤ ትገፋቸዋለች። አንድ ቀን ሽንት ቤት ሲሄዱ ይንሸራተታሉ፤ ባይሰበሩም ወረቀት ይሞላል፣ ለቤተሰብ ይደወላል፣ ሁሉም ይደነግጣል። ከዚያ በኋላ «ብቻዎን እንዳይነሱ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ስለማይነሱ ጭናቸው ይሳሳል። ጭናቸው ስለሳሳ በእውነትም ብቻቸውን መነሳት አይችሉም። ጥቂት ወራት እንዲህ ካለፉ በኋላ ዎከሩ ግድግዳ ሥር ተጣጥፎ ይቀመጣል። ከዚያ የሚከተለውን በሙያችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት መቆጣጠር ችግር፣ የአልጋ ቁስል፣ የእግር እብጠት፣ የመገጣጠሚያ መተሳሰር። እነዚህን ለየብቻቸው በመድኃኒትና በቅባት ስንከላከል ብዙ እንደክማለን፤ መነሻቸውን ግን ሳንነካው እናልፋለን።

የመውደቅ ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ የዳሌ ስብራት ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ነገር ግን ማስቀመጥ ከመውደቅ ያድናል የሚለው እምነት ብዙ ጉዳት አድርሷል። እስከ 1980ዎቹ ድረስ በአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች አረጋውያንን በጨርቅና በቀበቶ ከወንበርና ከአልጋ ጋር ማሰር የተለመደ ነበር፤ ምክንያቱ ሁልጊዜ «እንዳይወድቁ» ነው። በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ነዋሪው ለሕክምና ካላስፈለገ በቀር ያለመታሰር መብት እንዳለው ደነገገ፤ ማሰሩም እየቀነሰ ሄደ። ዛሬ በቀበቶ የታሰረ ሰው ብዙ ባናይም፣ ተቀምጠውበት የማይነሱበት ጥልቅ ወንበር፣ ሲንቀሳቀሱ የሚጮህ ማንቂያና «አይነሱ» የሚል ድምፅ ያንኑ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። በአውስትራሊያ 16 የአረጋውያን ቤቶች ውስጥ 221 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት በ2018 ታትሟል። ግማሾቹ ቤቶች ለነዋሪዎቻቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ የክብደትና የሚዛን ልምምድ ለ25 ሳምንት ሰጡ። በልምምዱ ቤቶች የነበረው መውደቅ ከሌሎቹ 55 በመቶ ያህል አነሰ። እነዚህ ሰዎች ከመውደቅ የዳኑት ቆመው በመለማመድ ነው። ልብ በሉ፤ ሚዛንን ብቻ ወይም ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ነው የተለማመዱት፣ ሥራውም ቀስ በቀስ እየከበደ ነው የሄደው።

ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ሆዴ የሚባባው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ልቆይበት።

የእኛ አረጋውያን አገር ቤት ሳሉ ሳያውቁት የሚለማመዱ ሰዎች ነበሩ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና የሚያፈሉ እናት በአንድ ቡና ሥርዓት ስንት ጊዜ ይነሳሉ ይቀመጣሉ? በርጩማ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከእሱ መነሳት የጭንን ጡንቻ በሙሉ ያሠራል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መቋሚያ ይዘው ሰዓታት ይቆማሉ፤ በስቅለት ቀን ደግሞ ግንባራቸው መሬት እየነካ ይሰግዳሉ። ሙስሊም እናቶቻችንና አባቶቻችን ቢያንስ በቀን 17 ረከዓ ይሰግዳሉ፤ በእያንዳንዱ መቆም፣ ማጎንበስ፣ መሬት መድረስና መነሳት አለ። ለጸሎት ብለው የሚያደርጉት ነገር ነው፤ እኔም ስፖርት ልለው አልደፍርም። እግራቸውን ጠብቆ ያቆየው ግን አንዱ እሱ ነው።

ከዚያ እኛ ጋ ወደ አሜሪካ ይመጣሉ። ሊፍት አለ፣ መኪና አለ፣ የሚሰምጥ ሶፋ አለ። ብርጭቆ ለማንሳት ብድግ ሲሉ ሦስት ልጅ በአንድ ጊዜ ይጮሃል፤ «ኧረ ይቀመጡ እማማ! እኔ እያለሁ?» በእኛ ባህል ትልቅ ሰው ተነስቶ ለራሱ ውኃ መቅዳቱ ለልጁ ነውር ነው። ያደግንበት ክብር ነው፤ እኔም ያደግሁበት ነው፤ እንዲጠፋ አልፈልግም። ግን ክብሩን በሌላ መንገድ እንስጥ። እግራቸውን እጠቡላቸው፣ መጀመሪያ አጉርሷቸው፣ ከፊታቸው ቆማችሁ አዳምጧቸው፤ ውኃውን ግን ተነስተው ይቅዱ፤ እናንተ ከአጠገባቸው ቁሙ። ነርሲንግ ሆም ከገቡም በኋላ ያው ነው። በእጃቸው መጉረስ የሚችሉትን ሰው ማጉረስ፣ እጅጌያቸውን ማስገባት የሚችሉትን ሰው ማልበስ፣ ለፍቅር ብለን የምንወስድባቸው አቅም ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከሁሉ በፊት አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ከወንበር መነሳትና መቀመጥን እመርጣለሁ። መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሽንት ቤት ለመሄድ፣ ከአልጋ ለመውረድ፣ መኪና ውስጥ ለመግባት የሚያስፈልገው ያው እንቅስቃሴ ነው። ወንበሩ መደገፊያ ክንድ ያለው፣ የማይንሸራተትና ግድግዳ የተደገፈ ይሁን። ጫማቸው ተረከዙን የሚይዝ ይሁን፤ ነጠላ ጫማ አይሆንም። ወደ ወንበሩ ጫፍ ይጠጉ፤ እግራቸውን ከጉልበታቸው ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ፤ ደረታቸውን ወደ ፊት ያዘንብሉ፤ አብዛኛው ሰው የሚያቅተው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ለመነሳት ስለሚሞክር ነው። በእጃቸው ክንዱን ገፍተው ይነሱ፤ ቀጥ ብለው ጥቂት ይቁሙ፤ ሲቀመጡ ግን ዘጭ እንዳይሉ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ። ቀስ ብሎ መውረዱ ራሱ ጡንቻ ይሠራል። የሚከብዳቸው ከሆነ ወንበሩ ላይ ጠንከር ያለ ትራስ ጨምራችሁ ከፍ አድርጉት፤ ሲበረቱ ትራሱን አንሱ፤ ከዚያም እጃቸውን ሳይጠቀሙ ይሞክሩ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜዎች ሊከብዷቸው ይገባል። የማይከብድ ልምምድ ደም ያዘዋውራል እንጂ ጡንቻ አያሳድግም፤ የቦስተኑም ምሥጢር ይኸው ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ጠርዝ ይዞ በእግር ጣት መቆም፣ በመተላለፊያው ሐዲድ ተደግፎ ወደ ጎን መራመድ፣ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርጎ መቆም ይመጣል። ለእጅ አንድ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ አንድ ኪሎ ነው፤ የግማሽ ኪሎ ምስር ከረጢትም ይሆናል። ይህን የምለው አገር ቤት ላሉትም ጭምር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው በሚያስጠልሉ እንደ መቄዶንያ ባሉ ማዕከላትም ከወንበርና ከግድግዳ ሐዲድ ሌላ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አረጋውያን የሚዛንና የጉልበት ልምምድ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲያደርጉ ይመክራል።

ጥንቃቄውን አልዘለውም። ደረታቸውን የሚያማቸው፣ አዲስ የትንፋሽ ማጠር ያላቸው፣ ራሳቸውን የሚስቱ፣ በቅርቡ የተሰበሩ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። ከመኝታ ሲነሱ አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ድንገት ሲቆሙ ግፊታቸው ሊወርድ ይችላል። የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጠዋት ላይ ተጠንቀቁ፤ መድኃኒቱ ያስፈልግ እንደሆነም ሐኪሙን ጠይቁ። በብብታቸው ሥር ይዛችሁ ሽቅብ አትጎትቷቸው፤ ትከሻቸው ይጎዳል፣ የእናንተም ወገብ ይጎዳል። ጌት ቤልት የሚባለውን የመደገፊያ ቀበቶ ወገባቸው ላይ አስራችሁ በእሱ ደግፉ።

አእምሯቸው የደከመ፣ የሚረሱ ሰዎችስ? በፈረንሳይ ቱሉዝ አካባቢ አልዛይመር ያለባቸው 134 የአረጋውያን ቤት ነዋሪዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2007 ወጥቷል። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት የተለማመዱት፣ ራሳቸውን የመርዳት አቅማቸው በዓመቱ ውስጥ መቀነሱ ባይቀርም፣ ካልተለማመዱት በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀስ ብሎ ነው የቀነሰው። መርሳቱን አላዳነም። ግን በራስ እጅ መብላትና በራስ እግር ሽንት ቤት መድረስ ለአንድ ዓመት ሲቆይ ትንሽ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል በእንግሊዝ አገር 78 የአረጋውያን ቤቶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት በ2013 ሲታተም፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚሰጠው የቡድን ልምምድ የነዋሪዎቹን የድብርት ስሜት አልቀነሰም። ይህን የምነግራችሁ እንቅስቃሴ የሁሉ ነገር መድኃኒት ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ ነው። ብቸኝነት በክብደት አይነሳም፤ ሰው ይፈልጋል።

ብቸኝነትን ካነሳሁ ስለ ቋንቋ መናገር አለብኝ። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ዘንድ ቴራፒስት ይገባል፤ ፈገግ ይላል፤ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እጃቸውን ይይዛል። እርሳቸው ምን ሊያደርጋቸው እንደሆነ አያውቁም፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መዝገቡ ላይ «ፈቃደኛ አልሆኑም» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ሲደጋገም ቴራፒው ይቋረጣል። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ይሆናል፤ ጠይቁ። ከዚያ በላይ ግን እናንተ ራሳችሁ አንድ ወረቀት ላይ «ይነሱ»፣ «ይቀመጡ»፣ «ወደ ፊት ያዘንብሉ»፣ «ያርፉ»፣ «ያመዎታል?» የሚሉትን ቃላት በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ከአልጋው ራስጌ ለጥፉ። አንድ የፊሊፒንስ ወይም የጃማይካ ሠራተኛ «ይነሱ፣ እማማ» ሲል የሚመጣውን ፈገግታ ያየ ያውቀዋል። ቴራፒስቱ ግብ ሲያወጣም አብራችሁ ቁጭ በሉ። «20 ሜትር መራመድ» ለእናታችን ምን ስሜት ይሰጣል? «ወንጌል ሲነበብ መቆም» በሉት፤ «ለሰላት ራስን ችሎ መነሳት» በሉት፤ «ከበርጩማ ተነስቶ ሲኒ ማደል» በሉት። እንዲህ ያለ ግብ በመዝገብ ይጻፋል፤ እርሳቸውም ለእሱ ብለው ይደክሙለታል።

መብታችሁንም እወቁ። ቢያንስ ሦስት ቀን ሆስፒታል ገብቶ የተኛ ሰው የባለሙያ እንክብካቤ ካስፈለገው፣ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት ጤና መድን በነርሲንግ ሆም እስከ 100 ቀን ሊሸፍን ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሙሉውን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ከድርሻ ክፍያ ጋር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ለምልከታ ብቻ ተይዞ የቆየ ሰው ሆስፒታል እንደተኛ አይቆጠርለትም። ብዙ ቤተሰብ «እናታችሁ ለውጥ ማሳየት አቁመዋል፤ ስለዚህ ቴራፒው ያበቃል» ሲባል አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ጂሞ በሚባለው መዝገብ በ2013 በፌዴራል ፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት ግን ሜዲኬር የሚሸፍነው መሻሻል ለሚያሳይ ሰው ብቻ አለመሆኑን አረጋግጧል። ያለውን አቅም ለማቆየት ወይም ውድቀቱን ለማዘግየት የባለሙያ እጅ ካስፈለገ ይሸፈናል። ለረጅም ጊዜ የሚኖሩትም በሜዲኬር ክፍል ቢ በኩል ቴራፒ ሊያገኙ ይችላሉ። ከቴራፒው ውጪ በነርሶችና በረዳቶች የሚሰጥ «ሪስቶራቲቭ» የሚባል የመራመድና የመነሳት ፕሮግራም አለ፤ በእንክብካቤ ዕቅዱ ስብሰባ ላይ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። ነዋሪው ከፈቀዱ በስብሰባው መገኘት ትችላላችሁ።

ለእናንተ ለምትሠሩበት ወገኖቼ የምለው ይህን ነው። ጊዜ እንደሌላችሁ አውቃለሁ፤ በአንድ ፈረቃ የሚሰጣችሁ የሰው ብዛት ፍትሐዊ አይደለም፤ ይህን በአደባባይ ለመናገር አላፍርም። ሁሉንም ሰው ሁልጊዜ አራምዱ አልላችሁም። ከምትንከባከቧቸው ለአንዱ ወይም ለአንዷ፣ በፈረቃችሁ አንድ ጊዜ፣ ከመግፋት መራመድን ምረጡ። ጥርሳቸውን ቆመው እንዲቦርሹ አድርጉ። «ይነሱ» ካላችሁ በኋላ ቶሎ አታንሷቸው፤ ጥቂት ጠብቁ፤ የሽማግሌ ሰውነት ትእዛዙ ደርሶት እስኪነሳ ጊዜ ይፈልጋል።

ከቦስተኑ ጥናት ያልነገርኳችሁ አንድ ውጤት ቀርቷል። ስምንቱ ሳምንት አልቆ አረጋውያኑ ወደ ቀድሞ አኗኗራቸው ሲመለሱ፣ በአራት ሳምንት ውስጥ ካገኙት ጉልበት 32 በመቶውን መልሰው አጡ። የኢንሹራንስ ቀን ያልቃል፤ የቴራፒስቱ ፈረቃ ያልቃል፤ ቅዳሜና እሑድ ጂሙ ይዘጋል። በእነዚህ ቀናት ሊጠይቅ የሚመጣው ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ ሳምንታዊ ጉብኝታችሁን በዚህ ሥርዓት አድርጉት፤ ከሰላምታና ከመሳሳም በኋላ፣ ምግቡ ሳይከፈት፣ አምስት ጊዜ ከወንበር መነሳት። ከዚያ ምግቡ። ከዚያ እስከ በሩ አብሮ መራመድ።

አሁን እንዴት እንደሚነሳ በተግባር እናያለን። ጉልበቱን የሚያመው ተቀምጦ ይመልከት፤ የቀራችሁ ወደ ወንበራችሁ ጫፍ ተጠጉና እግራችሁን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ።